የወንዝ ዳር ዕቅድ ከወንዝ ዳር ነዋሪ ጋር ይመከርበት

የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ስሟን ያገኘችው በማሳይ ቋንቋ ቀዝቃዛ ውሃ ከሚል ቃል መሆኑ የታወቀ ነው። በ1899 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የባቡር ሐዲድ ዘርጊዎች ወደዚያ ረግረጋማ ሜዳ ደርሰው ሰፈራቸውን በመሠረቱ ጊዜ ውሃው ለሰውም ለእንስሳም የሚጠጣ ነበር። ዛሬ ግን ከተማይቱ መካከል ከዚያው ወንዝ ቀድቶ የሚጠጣ ሰው ቢገኝ የገዛ ጤናውን የጠላ ብቻ ነው። የናይሮቢ ወንዝ ከከተማይቱ በስተምዕራብ በኪኩዩ ካለው ከኦንዲሪ ረግረግ ይነሣል፤ ከማታሬና ከንጎንግ ወንዞችም ጋር ተባብሮ ወደ አቲ ወንዝ ይገባል፤ አቲም ስሙን ለውጦ በማሊንዲ አጠገብ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይፈስሳል። እንግዲህ በከተማይቱ መካከል የሚጣለው ቆሻሻ ሁሉ በቆላው ገበሬ እርሻ አጠገብ የሚያልፍ መሆኑን አስቀድሞ ማስተዋል ያስፈልጋል።

በዚችው ከተማ በሰሜን በኩል ጊጊሪ የሚባል ሰፈር አለ። ቀድሞ የቡና ተክል በነበረበት መሬት ላይ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራምና የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤቶች ቆመውበታል። ስለ ዓለም ወንዞች፤ ስለ ዓለም አየርና ስለ ከተሞች ንጽሕና የሚመክሩ መልእክተኞች በየጊዜው የሚሰበሰቡት በዚህ ስፍራ ነው። ከዚያው አጠገብ የካሩራ ደን ይጀምራል። በደኑ ውስጥ የሚያልፉት ሩዋካና ጊታቱሩ የተባሉት ወንዞችም ወደ ምሥራቅ ወርደው መጨረሻቸው ከናይሮቢ ወንዝ ጋር መገናኘት ነው። ከጊጊሪ ተነሥቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ታች የሚጓዝ ሰው ግን የማታሬንና የኮሮጎቾን የቆርቆሮ ቤቶች፤ ከዚያም የዳንዶራን የቆሻሻ ክምር በወንዙ አፋፍ ላይ ያገኛል። በአንድ ተፋሰስ ላይ የሚኖሩት የላይኛውና የታችኛው ሰፈር ሰዎች ስለ አንድ ወንዝ አብረው ተቀምጠው ሲመክሩ እምብዛም ያለመታየታቸው ነገር የሚያሳዝን ነው።

ወንዙን ለማጽዳት አልተሞከረም ማለት ግን ሐሰት ነው። በ1999 የናይሮቢ ወንዝ ተፋሰስ ፕሮግራም የተባለው ሥራ በጊጊሪው መሥሪያ ቤት ረዳትነት ተጀምሯል። ከ2008 ጀምሮ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ጆን ሚቹኪ በጽኑ እጅ ወንዙን ማስጠረግ ጀምረው ነበር፤ ዛሬ በወንዙ ዳር በስማቸው የሚጠራ መናፈሻ አለ። እርሳቸው በ2012 ካረፉ በኋላ ግን ቆሻሻው ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። በ2022 ደግሞ የናይሮቢ ወንዞች ኮሚሽን ተቋቋመ። በመጋቢት 2025 ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ 50 ቢሊዮን ሽልንግ ይፈጃል የተባለውን፤ 27 ኪሎ ሜትር ያህል የወንዝ ዳር የሚያድሰውን ታላቅ ሥራ ከፈቱ። በዕቅዱ ውስጥ የፍሳሽ መሥመር፤ የእግር መንገድ፤ መናፈሻ፤ የመኖሪያ ቤትና ገበያ ሁሉ ተጽፏል። በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶችም የቀን ሙያተኛ ሆነው በጽዳቱ ተሰማርተዋል። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የአንድ ብርቱ ሰው ሥራ ሰውዬው ሲያልፍ አብሮ እንደሚያልፍ ከሚቹኪ ዘመን ታይቷልና፤ የአሁኑ ሥራ ባለቤቱ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ይበልጥ ያከበደው የ2024 ጎርፍ ነው። በዚያ ዓመት ከመጋቢት እስከ ግንቦት በወረደው ዝናብ በኬንያ ከ250 የሚበልጥ ሰው ሞተ። በናይሮቢም ማታሬና ሙኩሩን የመሰሉት የድሆች መንደሮች በውሃ ተዋጡ። በሚያዝያ ወር መንግሥት በወንዝ ዳርና በጎርፍ መንገድ ላይ ያሉ ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲለቁ አዘዘ፤ ወዲያውም የማፍረሻ መኪናዎች ገቡ። ለተነሣው ቤተሰብ 10,000 ሽልንግ እንደሚሰጥ ተነገረ። ጎርፉ ቤቱን የወሰደበት ሰው በማግስቱ የቀረውን ቆርቆሮ መንግሥት ሲያነሣበት ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ቤተ ክርስቲያን የተጠጉ ነበሩ፤ ሌላ መግቢያ ያጡትም ውሃው ሲጎድል ወደዚያው አፋፍ ተመልሰው ላስቲክ ወጠሩ። እንዲህ ከሆነ የጠፋው ገንዘብና ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ በዕቅድ አውጪዎች ላይ ያለው እምነትም አብሮ ተወስዷል።

በወንዝ ግራና ቀኝ ያለው ጥብቅ መሬት ስፋቱ ምን ያህል ይሁን የሚለውም ገና ያልጠራ ነገር ነው። የኬንያ የውሃ ደንብ እንደ ወንዙ ስፋት ከ6 ሜትር እስከ 30 ሜትር ይላል፤ የእርሻ ደንቡና የመሬት ልኬት ሕጉ ደግሞ የየራሳቸውን ልክ ያወጣሉ። በዚህ መካከል ገንዘብ ያለው ሰው የሚጠቅመውን ሕግ ይመርጣል፤ ገንዘብ የሌለው ግን በመጣው ሕግ ሁሉ ይነሣል። በ2018 በዌስትላንድስና በላንጋታ በኩል በወንዝ ላይ የተሠሩ ታላላቅ የገበያ ሕንፃዎች ሲፈርሱ ባለቤቶቹ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ነበረን ብለው ተከራክረዋል። ፈቃድ የሚሰጥ እጅና የሚያፈርስ እጅ የአንድ አካል ከሆኑ ጥፋቱ የባለሕንፃው ብቻ ሊሆን አይችልም።

እርሻን የሚያውቅ ሰው የወንዝን ዳር በሜትር ብቻ አይለካውም። ዐፈሩን ያያል፤ ቁልቁለቱን ያያል፤ ሥር የያዘውንና ሥር የሌለውን ይለያል። ጥቁር መረሬ ዐፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ያን ስንጥቅ ውሃ ይሞላውና አፋፉ በሙሉ ተቈርሶ ይወርዳል፤ በእንዲህ ያለ ስፍራ 30 ሜትርም ላይበቃ ይችላል። ቀይ ዐፈር ሆኖ ደን በያዘው ዳር ግን ወንዙ ከአልጋው ሳይወጣ ዘመን ያሳልፋል። በሲሚንቶ ግድግዳ የታጠረ ወንዝም ከዳር ሆኖ ለሚያየው ያምራል፤ ነገር ግን ውሃው የሚሰርግበት መሬት ስላጣ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ኃይሉንም ይዞ ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል። በላይኛው ክፍል የተሠራ መልካም ግንብ በታችኛው ክፍል የጎርፍ ምክንያት ሲሆን ብዙ ጊዜ ታይቷል። ሸምበቆና ደንገል፤ ቀርከሃና የዝሆን ሣር በተተከለበት ዳር ግን ውሃው ይዘገያል፤ ደለሉም እዚያው ይቀራል። ዋጋውም ከግንብ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ችግሩ ሣር የሚጠብቀው ሰው መፈለጉ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ከወንዙ ዳር ነዋሪ በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም።

በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ሕዝብ በመንግሥት ሥራ መካፈሉን ከአገሪቱ መሠረታዊ መመሪያዎች መካከል ቈጥሮታል። በ69ኛው አንቀጽም መንግሥት ሕዝቡን በአካባቢ ጥበቃ ሥራ እንዲያሳትፍ ያዛል። ሕጉ መልካም ነው። አፈጻጸሙ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፤ በጋዜጣ ማስታወቂያ ይወጣል፤ አንድ አዳራሽ ይከፈታል፤ ሥዕሉ በግድግዳ ይሰቀላል፤ ለመናገር እጅ የሚያወጡት ደግሞ ቀድሞም መናገር የለመዱት ናቸው። በናይሮቢ የቆርቆሮ መንደሮች አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ነው። የቤቱ ባለቤት በሌላ ሰፈር ይኖራል፤ ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው ባለቤቱ ነው፤ ካሣ ቢከፈልም ወደ ባለቤቱ ኪስ ይገባል። ከወንዙ ጋር የሚያድረው ተከራይ ግን በዚያ ሰዓት የቀን ሥራ ፍለጋ ወጥቷል፤ ሚስቱም ውሃ ለመግዛት ጀሪካን ይዛ ተሰልፋለች። እንግዲህ አዳራሹ ሞልቶ ነበር ተብሎ ሪፖርት ሲጻፍ የጠፋው ማን እንደሆነ መመርመር ይገባል።

በዚህ ረገድ ከሙኩሩ የሚገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። ሙኩሩ ክዋ ንጄንጋ፤ ሙኩሩ ክዋ ሩቤንና ቪዋንዳኒ የተባሉት ሦስት መንደሮች በንጎንግ ወንዝ አጠገብ በፋብሪካዎች መካከል የተጨናነቁ ናቸው፤ ወደ 100,000 የሚጠጋ ቤተሰብ ይኖርባቸዋል። በነሐሴ 2017 የናይሮቢ የከተማ አስተዳደር ይህን ስፍራ ልዩ የዕቅድ ክልል ብሎ አወጀው። ይህም ማለት ዕቅዱ እስኪያልቅ ድረስ አዲስ ግንባታ ይቆማል፤ የተለመደው የከተማ ልክና ደንብም እንደ ስፍራው ጠባይ ሊሻሻል ይችላል ማለት ነው። ሙኡንጋኖ ዋ ዋናቪጂጂ የተባለው የመንደርተኞች ማኅበር ከዩኒቨርሲቲዎችና ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሆኖ ነዋሪውን በየቤቱ ቈጠረ። ዐሥር ዐሥር ቤተሰብ አንድ ቡድን ሆኖ ወኪሉን መረጠ፤ ወኪሎቹም እንደገና እየተሰበሰቡ ከፍ ወዳለው ጉባኤ ሌሎችን ላኩ። ስለ ውሃ፤ ስለ ጤና፤ ስለ ትምህርት፤ ስለ መሬትና ስለ ገንዘብ የየሙያው ቡድን ለብቻው ሠራ።

ይህ አሠራር ከእኛው አገር ዕድርና ከመንደር ሽማግሌ ሥርዓት ብዙ የራቀ አይደለም። ዐሥር ቤተሰብ እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ ማን ተከራይ ማን ባለቤት፤ ማን አሮጊት ማን በሽተኛ እንደሆነ ያውቃል፤ ስለዚህ በዐሥሩ መካከል ሐሰት አይገባም። በቈጠራውም የድሆቹ ነዋሪዎች ለአንድ ጀሪካን ውሃና ለመብራት የሚከፍሉት ዋጋ ባለጸጎቹ ሰፈሮች ከሚከፍሉት እንደሚበልጥ ተገለጠ። ድሃ ነጻ አገልግሎት ይፈልጋል የሚለው አሮጌ ክርክር በዚህ ተዘጋ። ከ2020 ወዲህ በነዚህ መንደሮች መንገድ፤ የውሃና የፍሳሽ መሥመር ሲገባ ምክሩ አስቀድሞ ተመክሮ ስለነበር ሥራው ቶሎ ተራመደ። እርግጥ ነው፤ ዕቅድ የሁሉ መፍትሔ አይደለም፤ በ2021 ሙኩሩ ክዋ ንጄንጋ ውስጥ ለአውራ ጎዳና ሲባል ብዙ ሺህ ቤት ፈርሷል፤ በ2024ም ጎርፉና ማፍረሻው በአንድነት መጥተዋል። ዕቅዱን ሕዝቡ ሲያወጣ ሦስት ዓመት የታገሠ መንግሥት በአንድ ማለዳ ትእዛዝ ሊያልፈው እንደሚችል መታየቱ ከሁሉ የከፋ ምሳሌ ነው።

ወደ ጊጊሪ እንመለስ። ከሰፈሩ አጠገብ ያለው የካሩራ ደን 1,000 ሄክታር ያህል ሲሆን በ1932 የመንግሥት ደን ተብሎ ተከልሏል። በ1990ዎቹ ግን መሬቱ በስውር ለቤት ሠሪዎች ተሸነሸነ። የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ መሥራች ዋንጋሪ ማታይ ችግኝ ይዘው ወደ ደኑ ሲገቡ በጥር 1999 በዱላ ተመቱ፤ ደማቸውም ፈሰሰ። ነገሩ በዓለም ሁሉ ከተሰማ በኋላ ግንባታው ቆመ፤ እርሳቸውም በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ያውቃል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን እምብዛም አልተነገረም።

ደኑ ከሽንሸና ዳነ እንጂ ሰላም አላገኘም ነበር። ሌባ የሚሸሸግበት፤ እንጨት የሚሰረቅበት፤ ሰው በቀን እንኳ የማይደፍረው ስፍራ ሆኖ ቆየ። በ2005 የወጣው የደን ሕግ በደን አጠገብ የሚኖር ሕዝብ ማኅበር አቋቁሞ ከመንግሥት ጋር ደኑን እንዲያስተዳድር ስለፈቀደ፤ በ2009 የካሩራ ወዳጆች የተባለው ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ባለጸጎቹን የጊጊሪን፤ የሙታይጋንና የሩንዳን ነዋሪዎች ብቻ ቢሰበስብ ኖሮ አጥር ሠርቶ ቍልፍ ዘግቶ በቀረ ነበር። ነገር ግን ከደኑ ጫፍ ካለችው ሁሩማ ከተባለችው የድሆች መንደር ወጣቶችን ጠርቶ ዘብ አድርጎ ቀጠራቸው። ቀድሞ እንጨት ይቈርጥ የነበረው እጅ ጠባቂ ሆነ። አጥሩ በእርዳታ ገንዘብ ታጠረ፤ ደኑ ለሕዝብ ተከፈተ፤ ከመግቢያው የሚገኘው ገንዘብ ለጥበቃውና ለችግኙ ዋለ። በቅኝ ግዛት ዘመን ለባቡር ማገዶ ተብሎ የተተከለው ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ እየተነሣ የአገሩ ዛፍ ተተካ፤ ውሃን በብዛት ከሚጠጣ ዛፍ የተላቀቀ ሸለቆም እርጥበቱን መልሶ ያዘ።

በ2025 የመግቢያው ገንዘብ በቀጥታ በመንግሥት በኩል ይሰብሰብ የሚል ትእዛዝ በመውጣቱ በማኅበሩና በደን አገልግሎቱ መካከል ክርክር ተነሥቶ ወደ ፍርድ ቤት ሄዷል። የመንግሥትን ገንዘብ መንግሥት ይቈጣጠር ማለት ትክክል ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን ሕዝቡን ለሥራ ጠርቶ ሣጥኑ ሲሞላ ማሰናበት ተሳታፊነት ሊባል አይችልም። የናይሮቢ ወንዝ ኮሚሽን ዳሩን ጠብቁ ብሎ የማታሬን ወጣት ከጠራው፤ ነገ በዚያ ዳር ለሚከፈተው ሱቅና መናፈሻ ከሚገኘው ገቢ ድርሻው ስንት እንደሆነ ዛሬ በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል።

ጎርፍ ምክር አይጠብቅም፤ ሰው እየሞተ ሦስት ዓመት ስብሰባ አያዋጣም የሚሉ አሉ። ነገሩ እውነትነት አለው። በጎርፍ መንገድ ላይ የተኛን ሕፃን ለማዳን ጉባኤ መጥራት አያሻም። ነገር ግን ሰውን ለአንድ ክረምት ወደ ደረቅ ስፍራ ማውጣት ሌላ ነው፤ መሬቱን ለዘለቄታ ለምን ጉዳይ ይዋል ብሎ መወሰን ሌላ ነው። ባለሥልጣኖች ሁለቱን ሲያቀላቅሉ ሕዝቡ በጎርፉ ስም መሬቱ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ከተጠረጠሩ በኋላ ደግሞ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ወዲያው ማውጣት፤ ቆይቶ መምከር፤ ምክሩ እስኪያልቅም በባዶው ዳር ላይ ሣርና ዛፍ እንጂ አንድም ሕንፃ አለመሥራት፤ ይህ ቢደረግ ጥርጣሬው ራሱ ይወድቃል።

ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው የወንዝ ዳር ገበሬ ነው። በናይሮቢ ሸለቆዎች ጎደሬ፤ የዝሆን ሣርና ሱኩማ ዊኪ የሚባለው ጎመን በብዛት ይዘራል። ውሃው ፍሳሽ የተቀላቀለበት መሆኑ አይካድም፤ በጥሬው የሚበላ ቅጠል በእንዲህ ያለ ውሃ ማብቀልም ለበላተኛው ጠንቅ ነው። ይሁንና ገበሬውን ከነመደቡ ጠርጎ በስፍራው የድንጋይ መንገድ ማንጠፍ ጉዳቱን ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውረዋል እንጂ አያስወግደውም፤ ያው ጎመን ከከተማ ወጣ ብሎ በዚያው ወንዝ ይጠጣል። የሚበጀው እህሉን መለወጥ ነው። የዝሆን ሣር ለከብት፤ የአበባና የዛፍ ችግኝ ለመናፈሻዎቹ፤ ቀርከሃ ለቅርጫትና ለአጥር፤ እነዚህ ሁሉ ከዳሩ ሳይነሡ ገንዘብ ያስገኛሉ፤ ዐፈሩንም ይይዛሉ። ዕቅዱ መናፈሻ የሚፈልግ ከሆነ መናፈሻውን ውሃ የሚያጠጣው ሰው እዚያው ቆሞ ይገኛል።

አዲስ አበባም ከዚህ ጉዳይ የራቀች አይደለችም። በ2019 የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ሥራ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር የታቀደለት ነበር። መናፈሻዎቹ ተሠርተው ሕዝብ ይዝናናባቸዋል፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ተከትሏል። ነገር ግን በአቃቂ ወንዝ ዳር ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ሰላጣ፤ ቆስጣና ጥቅል ጎመን ለከተማይቱ ያቀረቡ አትክልተኞች አሉ፤ የውሃውን ጠባይ፤ የጎርፉን ሰዓትና ሽታው የሚለወጥበትን ቀን ከማንም መሐንዲስ ይልቅ ያውቁታል። ከወንዙ በላይ ያለው የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ መቼ እንደሚለቀቅ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከእነርሱ በተሻለ ማን ሊናገር ይችላል? በወንዙ መጨረሻ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ በደለልና በእንቦጭ የተያዘው ላይኛው የከተማ ክፍል ስለ ታችኛው ሳያስብ ስለኖረ ነው። በናይሮቢም በ1953 በንጎንግ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ ቀድሞ ጀልባ የሚንሸራሸርበት ሐይቅ ነበር፤ እርሱም በእንቦጭ ተሸፍኖ ሜዳ መስሏል።

በዚያው ግድብ አጠገብ በኪቤራ ከ2006 ጀምሮ ነዋሪዎችና የንድፍ ባለሙያዎች በአንድነት ሆነው በወንዙ ዳር ትናንሽ አደባባዮችን ሠርተዋል። ሥራው ትንሽ ነው፤ የ50 ቢሊዮኑ ዕቅድ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን የልብስ ማጠቢያውን፤ የመጸዳጃውን ቤትና የልጆች መጫወቻውን የሚያስተዳድረው የመንደሩ ኮሚቴ ነው፤ ቢሰበርም መንግሥትን ሳይጠብቅ ያድሰዋል።

እንግዲህ የናይሮቢ ወንዞች ኮሚሽን ከመጋቢቱ ረዥም ዝናብ በፊት ሊሠራው የሚችለው ሥራ አለ። የጥብቁን መሬት ድንበር ከየመንደሩ ከተመረጡ ሽማግሌዎች ጋር በእግር ተጉዞ ችካል መትከል፤ ተከራይና ባለቤትን ለይቶ መመዝገብ፤ የሚነሣው ሰው የሚገባበትን ስፍራ ቤቱ ከመፍረሱ አስቀድሞ ማሳየት ነው። ጉባኤውም በከተማ አዳራሽ ብቻ መሆን የለበትም፤ አንዱ በኦንዲሪ ከረግረጉ ገበሬዎች ጋር፤ አንዱ በማታሬ ከሥራ መልስ በእሑድ ቀን፤ አንዱም በጊጊሪ የእንግዶቹ መሥሪያ ቤት በሩን ከፍቶ የታችኛውን ሰፈር ሰው በመቀመጫው ላይ አስቀምጦ ይደረግ። በአቲ ወንዝ ላይ ለመጠጥና ለመስኖ የታቀደው የትዋኬ ግድብ የሚያጠራቅመው ከናይሮቢ የሚወርደውን ውሃ ነውና፤ ከማኩዌኒና ከኪቱዪ የሚመጡ ገበሬዎችም በዚያ ጉባኤ ከፊተኛው ወንበር ላይ ይጠበቃሉ።